ጎንበስ በልልን

ሰዓቱ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን መታወቂያውን ያየ ሰው ብቻ ነው። ሙዚቀኛ አንዴ ስም ካወጣልህ አለቀልህ፣ ይዘኸው ትቀበራለህ። ድራም ሲመታ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ዘፋኙ ሞቅ ብሎት ቢሮጥ አይከተለውም፤ ጊታሪስቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ቢጎተት አይጠብቀውም። በዚህ የተነሳ ሰዓቱ ተባለ፣ ሰዓቱ ሆኖ ቀረ። ይህን የሰማች የቀድሞ ሚስቱ "ማን? እሱ?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች አሉ። ምን ታድርግ፣ ለእራት አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሶላት አያውቅማ።

ድራመር መቼም የሚቀመጠው ከሁሉም ኋላ ነው። ከፊቱ ድራሞቹ፣ በግራ በቀኙ የናስ ሳህን የሚመስሉት ሲምባሎቹ፣ ከዚያ ማዶ የዘፋኝ ጀርባ። ሰዓቱ ዕድሜውን ሙሉ ያየው የሰው ጀርባ ነው ብል አላጋነንኩም። ስንቱን ስም ያለው ዘፋኝ አጅቧል፣ የብዙዎቹን ፊት ግን በቅጡ አያስታውስም፤ ጀርባቸውን ብታሳዩት አንድ በአንድ ይለይላችኋል። ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያነሳው ዘፋኙን ነው። ቢበዛ ጊታሪስቱን። ድራመሩን "ያ ከኋላ የነበረው" ይለዋል፣ እሱም ካስታወሰው።

ጥሩ ዘመን ነበረው፣ አልነበረውም አይባልም። ትልቅ ባንድ ውስጥ ነበር፤ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ትሮምቦን ሳይቀር ያለበት። አንድ ዓይነት ኮት አሰፍተው ይለብሱ ነበር፣ ቀለሙ የደረቀ ደም የሚመስል። በታወቀ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ ሰው በር ላይ ይጋፋል፣ ዘበኛው ይለመናል። ሰዓቱ በመንገድ ሲያልፍ ካፌ የተቀመጡት ይጠቋቆሙ ነበር። ሚስቱንም ያገኛት ያኔ ነው። ጓደኞቿ ዘፋኙን ለማየት ወደፊት ሲጋፉ እሷ በጎን በኩል ቆማ የሱን እግር ታይ ነበር፤ ፔዳሉን ሲረግጥ። እግሬን አይታ የወደደችኝ ሴት ናት እያለ ይስቅ ነበር በኋላ፣ መሳቅ በሚችልበት ጊዜ።

ልጅ ወለዱ፣ ሴት። ነገሩ ግን ምን መሰላችሁ፤ የሙዚቀኛ ቤት እንደ ሰው ቤት አይደለም። ሰው ሲያርፍ እሱ ይሠራል፣ ሰው ሲሠራ እሱ ይተኛል። የዓመት በዓል ሲደርስ ሌላው ባል ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሰዓቱ ድራሙን ጭኖ ከቤቱ ይወጣል። ባልና ሚስት እንደ ፀሐይና ጨረቃ ተላለፉ። ልጅቷ ሞግዚቷ እጅ ላይ እንዳለች ተነስታ መራመድ የጀመረች ዕለት ባንዱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ሚስቱ ስልክ ደውላ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄደች አለችው። እሱም ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ሲናገር ጮኸው አጨበጨቡ፣ እሱም አብሮ አጨበጨበ። ቆይቶ ነው ነገሩ የቆረጠመው። አንድ ሰው መራመድ የሚጀምረው አንዴ ነው።

ሚስቱ አልተጣላችውም። ቢጣሉ ይሻል ነበር፣ ጠብ ዕርቅ አለው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ደህና ሁን ብላ፣ ልጇን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ቆይታ አንድ ፋርማሲስት አገባች፤ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ለእራት የሚደርስ ሰው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ይገላገል ነበር፣ የሚራገመው አያጣም ነበር። ሰውዬው ግን ደግ ነው። ልጅቷን ትምህርት ቤት አመላልሷል፣ ሲያማት አብሮ ነቅቷል፣ አንድም ቀን አባትሽ እንዲህ ነው ብሎ አላማላትም። እሷም ጋሼ ትለዋለች። አባዬ የምትለው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ በስልክ፣ አልፎ አልፎ። ይህችን አንዲት ቃል ሰዓቱ እንደ ቅርስ ይዟት ኖሯል።

ከዚያ ደግሞ ኪቦርዱ መጣ። ኪቦርድማ ድሮም ነበረ፤ የኋለኛው ግን ጉድ ነው። አንዲት ቁልፍ ስትነካው ድራም ይመታል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ታክሲ አጣሁ አይልም። የሆቴሉ ሰዎች በመጀመሪያ ትራምፔትና ሳክስፎኑን አሰናበቱ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን። ቁልፏን የነካት የራሱ ጓደኛ ነው፤ የባንዱ አለቃ፣ ኪቦርዲስቱ። ሰዓቱ አልተቀየመውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ እሱም ልጆች አሉት። አለቃ በበኩሉ ሆዱን ሳይከብደው አልቀረም፤ ሙሉ ባንድ እንፈልጋለን የሚል ደንበኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ለሰዓቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ደግሞ ከሠርገኛ በቀር የለም። ስለዚህ ሰዓቱ የሠርግ ድራመር ሆነ።

የሚኖረው ልብስ ንጽሕና ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ አንዲት ክፍል። ወለሉ ከታች በሚመጣው እንፋሎት ቀኑን ሙሉ ሞቅ እንዳለ ነው፤ ክረምት ላይ ይመቻል፣ በበጋ እንጃ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ጥግ ላይ በየሽፋኑ ውስጥ የተቀመጠ ድራም። ድራም መምታት ክልክል ነው፣ ሲገባ የተዋዋሉት እንዲያ ነው። በላስቲክ ላይ ነው የሚለማመደው፤ ክብ ወፍራም ላስቲክ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና ጠ ጠ ጠ እያደረገ ይውላል። አከራይዋ እትዬ መጀመሪያ ሰሞን አይጥ የገባ መስሏቸው ወጥመድ አጥምደው ነበር። እስከዛሬ ለጎረቤት ሲያስተዋውቁት "አይጤ ይኸውላችሁ" ይላሉ። ከእሳቸው ሌላ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም። እሳቸውም የሚያንኳኩት ለኪራይ ወይ ለቧንቧ ነው።

የሠርግ ድራመር ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው እግር ነው። ሙሽሪት ወደ አዳራሹ ስትገባ ድራመሩ ዘፋኙንም አለቃውንም አያይም፤ ዓይኑን እግሯ ላይ ይተክላል። ቀሚሱ ረጅም ነው፣ ጫማው አዲስ ነው፣ ምንጣፉ አይታመንም። እሷ በፈጠነች ይፈጥናል፣ በዘገየች ይዘገያል፤ ሰዓቱ ከራሱ ሰዓት ወጥቶ የሰው ሰዓት የሚከተለው ያኔ ብቻ ነው። በደንብ ከሠራው ሰው ሁሉ "እንዴት ያምራል አረማመዷ" ይላል። ከድራሙ መሆኑን ማንም ልብ አይልም፣ ልብ ካለማ ሥራው ተበላሸ።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። የቤተሰብ ፎቶ የሚነሳው ሁልጊዜ መድረኩ ፊት ነው፣ አበባውም መብራቱም እዚያ ስለሆነ። ሌሎቹ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ጎን ዞር ይላሉ። ድራመር ግን በዕቃው ተከቦ ስለሚቀመጥ እስኪወጣ ፎቶው ያልቃል። ስለዚህ ይጎነበሳል። ፎቶ አንሺው "ሰዓቱ፣ ጎንበስ በልልን" ይላል፣ እሱ ከትልቁ ድራም ኋላ ዝቅ ይላል፣ ብልጭ ሲል ቀና ይላል። ወጣት ሳለ አንዴ ቀድሞ ቀና ብሎ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ መሐል አናቱ ገባ፤ ፎቶ አንሺው በሰው ፊት አዋረደው። ከዚያ ወዲህ ብልጭታውን ሳያይ ተነስቶ አያውቅም። የዚያች ከተማ ሙሽሮች አልበም ሁሉ ውስጥ አለ፤ አይታይም እንጂ።

ልጁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ክፍሉን አይታው አታውቅም፣ ታች ልብስ ንጽሕና ቤቱ ውስጥ ጠይቃ ነው የወጣችው። በሩን ሲከፍት እሷ ባትሆንስ ብሎ ፈራ፣ የፈራውም እሷ መሆኗን ስለፈለገ ነው። ሴት ሆናለች፣ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች፤ ክፍሉን ስታይ እንኳ ዓይኗ ግድግዳውን ሲለካ ይታያል። ወንበሩን ለሷ ሰጥቶ እሱ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የሚያቀርበው ነገር ፈልጎ አጣ። ልትዳር መሆኑን በስልክ ነግራው ነበር፤ አሁን ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሙሽራው ቤተሰብ፣ ስለ ቀሚሱ አወራችለት። እሱም በየመሐሉ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ይላል። ሆዱ ግን ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው። ይዞኝ የሚገባው አንተ ነህ ትለኛለች ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እንደዚያ ብሎ ለማንም አልተናገረም፣ ለራሱም ቢሆን። ግን ሰው መቼም ተስፋ ማድረግ አያቆምም።

እሷም ጣቶቿን እያፍተለተለች ተናገረች።

"አባዬ፣ ባንዱን ልንይዝ ነው። ሙሉውን። ከነድራሙ።"

እሱም እሺ አለ። ገና አልገባውም።

"ይዞኝ የሚገባው ጋሼ ነው። እሱ ነው ያሳደገኝ፣ ቅር ይለዋል። አንተ ደግሞ ከሠርጌ እንድትቀር አልፈልግም። ከእማዬ ዘመዶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥህ ሲያፈጡብህ መዋላቸው ነው። እዚያ ሆነህ ስትመታ ግን አለህ ማለት ነው። ማንም ምንም አይልህም።"

ብዙ ሌሊት አስባበት የመጣች መሆኗ ያስታውቃል። ቅን ልጅ ናት፤ ሁሉንም ደስ ለማሰኘት መንገድ ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው ይኸን ነው። ሰዓቱ ከፋው፣ አባት ሆኖ ለልጁ ሠርግ በቅጥር መጠራቱ ከፋው። ደስም አለው፣ ሌላ ልጅ ብትሆን እስከነጭራሹ ትረሳው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ "ጥሩ አስበሻል" ብቻ አለ።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። አብረው የተነሱት አንድ ፎቶ እንኳ እንደሌላቸው ታውቃለች፤ የነበረችው አንዲት ፎቶ፣ ትከሻው ላይ ሆና የተነሳችው፣ ከቤት ቤት ሲዘዋወር የት እንደገባች አይታወቅም።

"ፎቶ ላይ ግን እጠራሃለሁ" አለችው። "የኛ ቤተሰብ ተራ ሲደርስ። ስጠራህ ና፣ እሺ?"

"እመጣለሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን ሰዓቱን ያየ ሰው ሙሽራው እሱ ነው ይል ነበር። ኮቱን ታች ወስዶ አሳጠበ። ያ የደረቀ ደም የሚመስለው የባንድ ኮት አይደለም፣ ሌላ ጥቁር ኮት አለው፣ ለቅሶ ሲኖር የሚለብሰው። አጣቢው ማን ሞተብህ ሲለው ልጄን ልድር ነው አለ። እንዲህ ብሎ ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። አጣቢውም ልጅ እንዳለው ስላላወቀ ደንግጦ እንኳን ደስ አለህ አለውና እጀታው ላይ የተላቀቀች ቁልፍ በነጻ ሰፋለት። ፀጉሩን ተቆረጠ። ለእትዬም ነገራቸው። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ አይጥም ለካ ይወልዳል ብለው ስቀው፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መስታወት ፊት ቆሞ ለፎቶ እንዴት እንደሚቆም ሞከረ። እጁን የት ያድርግ? የድራም ዱላ ያልያዘ እጅ ምን ያደርጋል? ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው።

የሠርጉ ዕለት ባንዱ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ በረፋዱ ገባ። ሰዓቱ ድራሙን ገጣጥሞ ሲያበቃ ኮቱን ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ስትጠራኝ ኮቱን አጠልቄ በጎን በኩል ወርጄ እያለ መንገዱን በዓይኑ ሄደበት፤ በኪቦርዱ አጠገብ፣ ሽቦውን ተሻግሮ፣ ሁለት ደረጃ። ለአለቃ እንኳ የማን ሠርግ እንደሆነ አልነገረውም። ቢነግረው ማይክ ይዞ ያወራዋል፤ የአለቃ አፍ መሪ የለውም። ልጁ ደግሞ ያለችው ማንም ምንም አይልህም ነው። የቀድሞ ሚስቱ ስትገባ አየችውና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችው፣ እሱም በዱላው መለሰ። ፀጉሯ ሸብቷል። የሱም ሸብቷል፣ ግን የራሱን አያየውም።

በሩ ሲከፈት አለቃ ምልክት ሰጠ፣ ሰዓቱ ዓይኑን ወደ እግር አወረደ። እንደ ልማዱ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ምንጣፉን አየ። ከዚያ አረማመዷን አየ። ቀኝ እግሯን ስታሳርፍ ወደ ውጭ ዘንበል ታደርገዋለች። የእናቱ አረማመድ ነው፣ የራሱም ነው፤ ፔዳል ላይ የሚያሳርፈው እግሩ እንዲያው ነው። በልጅነቷ እንዲህ ትሂድ አትሂድ አያውቅም። አላየማ። እግሯን እየተከተለ መታ። ፋርማሲስቱ ከጎኗ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል መሰለኝ በየመሐሉ ይዘገያል፣ እሷም ትዘገይለታለች፣ ሰዓቱም ለሁለቱም ይዘገይላቸዋል። አለቃ ዞር ብሎ ፍጠን ብሎ ተቆጣው። ሰዓቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

መሐል ላይ ስትደርስ የጫማዋ ተረከዝ ምንጣፉ ላይ ተያዘና ቆመች። አለቃ ደንግጦ ከኪቦርዱ ላይ እጁን አነሳ፣ ጊታሩም ዝም አለ። ሰዓቱ ግን አላቆመም። እግር ሲቆም ድራም ባለበት ይረግጣል፤ ልጅ እስኪነሳ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው። ዱም፣ ዱም፣ በቀስታ። እሷ ጎንበስ ብላ ተረከዟን አላቀቀች፣ ቀና አለች፣ በሰው ጭንቅላት ላይ አሻግራ ወደ ድራሙ አየች። ከዚያ ልክ ምቱ ሲወድቅ ቀኝ እግሯን አነሳች። ሰዓቱ እንባው ፊቱ ላይ ወረደ፣ በእጁ ሊጠርገው አልቻለም፤ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ያልነው ነገር እንግዲህ ለሱ ያን ዕለት ሆነ። እንዴት ያምራል አረማመዷ አለ ሰው። እውነትም ያምር ነበር።

ምሳው ተበላ፣ ንግግሩ ተደረገ። ፋርማሲስቱ አጭር ንግግር አድርጎ፣ ያሳደጋት እሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ አባቷንም እንደሚያመሰግን ተናገረ። ስም አልጠራም፣ ወደ መድረኩ ግን አንዴ አየት አደረገ። ሰዓቱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። ምነው ክፉ በሆነ ይኸ ሰው! ከዚያ ጭፈራ ሆነ፣ ከሰዓት በኋላውም ተጋመሰ፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጪ የሚያነሳው አለና ሰው በየወገኑ ይምጣልኝ ብሎ መድረኩ ፊት ቆመ። አለቃ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

የሙሽራው ቤተሰብ መጣ። "ሰዓቱ፣ ጎንበስ በልልን።" ጎንበስ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ተነሳ። የሙሽራው መሥሪያ ቤት መጣ። ጎንበስ፣ ብልጭ፣ ቀና። የሷ መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ፣ ጎረቤት። ወገቡ ዕድሜውን እያስታወሰው ነው፣ ግን በተነሳ ቁጥር ወደ ኮቱ ያያል። ደርሷል። አሁን ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"የሙሽሪት ቤተሰብ!" አለ ፎቶ አንሺው። እናቷ መጣች፣ ፋርማሲስቱ መጣ፣ አክስቶቿ ቀሚስ እያስተካከሉ መጡ። ሰዓቱ እስክትጠራው ጠበቀ፤ ስጠራህ ና ነው ያለችው፣ ሳይጠሩት አይሄድም። እሷ ፊቷ ወደ ካሜራው ነው፣ አንዷ አክስቷ የራስ መሸፈኛዋን እያቃናችላት ነው። ፎቶ አንሺውም ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደተከለ፣ እንደ ልማዱ፣

"ሰዓቱ፣ ጎንበስ በልልን" አለ።

የሰዓቱ ወገብ ጎንበስ አለ። አሰበበት እንዳትሉኝ፣ ሰውየው አላሰበበትም። ያ ስንት ዓመት የታዘዘ ወገብ ያቺን ቃል ሲሰማ በራሱ ታጠፈ። አገጩ ከድራሙ ጠርዝ በታች ወርዶ ነው ልቡ የደረሰበት። ልክ ያኔ ደግሞ ድምጿን ሰማ።

"ቆይ፣ ቆይ። አባዬ የት ሄደ?"

ዞር ብላ እንዳየች አወቀ፣ ቀሚሷ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከሁለቱ ሲምባሎች መሐል ባዶ ቦታ ነው ያየችው።

"አሁን እዚህ አልነበረም?" አለች አንዷ አክስት። "ከነዚያ ጋር ወጣ መሰለኝ።"

ተነስ እንግዲህ! ምን ትጠብቃለህ? እኔ ብሆን ብላችሁ ትፈርዱ ይሆናል። እሱም ሊነሳ ነበር። ግን ብልጭታው ገና ነው፣ ብልጭታው ሳይታይ ተነስቶ አያውቅም፣ ሰውነቱ እምቢ አለው። ደግሞ አሁን ከድራም ሥር እንደ ተደበቀ ሌባ ብቅ ቢል፣ በቀድሞ ሚስቱ ፊት፣ በፋርማሲስቱ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ምን ይላሉ? እፍረት ያዘው። "አለሁ" ለማለት አፉን ከፈተ፤ ዕድሜውን ሙሉ ማይክ ፊት ቆሞ የማያውቅ ጉሮሮ ነው፣ ወጣ የተባለው ድምፅ አየር ብቻ ሆነ። አንዴ ብትደግመው ኖሮ። አንዴ ብቻ።

"ሄዷል" አለች ልጁ። አልተቆጣችም። ዝናብ ጣለ እንደሚባለው ነው ያለችው። "ተዉት፣ ሥራ ይዞት ይሆናል። አንሱን።"

ብልጭ አለ።

ጉልበቱን ይዞ ሲነሳ ሰዉ ተበትኗል፣ ሙሽሮቹ በአጃቢ ተከበው ወደ በሩ እየሄዱ ነው። መጋረጃው ጀርባ ገባ፣ ኮቱን አጠለቀ፣ በኪቦርዱ አጠገብ፣ ሽቦውን ተሻግሮ፣ ሁለቱን ደረጃ ወረደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደጅ ሲደርስ መኪናው በሩን ወጥቶ እየታጠፈ ነበር። አለቃ ከነሲጋራው አየውና፣ አምሮብሃል፣ የት ልትሄድ ነው ብሎ ጠየቀው። የትም አለ። ተመልሶ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ ሲምባሎቹን ይፈታ ጀመር።

በማግስቱ ደወለላት። ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። እዚያው ነበርኩ አላት፣ ከድራሙ ኋላ፣ ጎንበስ ብዬ ነው፣ ፎቶ አንሺው ጎንበስ በል ብሎኝ ነው። እየተናገረው ለራሱ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለው። እንዲህ ያሉ ምክንያቶች ስንቱን ሰጥቷታል፤ መኪና ተበላሽቶ፣ ዝግጅቱ ረዝሞ፣ መንገድ ተዘግቶ። ያ ሁሉ እውነት ነበር፣ ይኸም እውነት ነው። እውነትም ሲደጋገም ይረክሳል።

"እሺ አባዬ" አለችው፣ ልጅ የሚያባብል ሰው በሚናገርበት ድምፅ። "ግድ የለም። ደግሞ አመታትህ ያምር ነበር።"

ከጊዜ በኋላ አንድ ፖስታ በአለቃ እጅ ላከችለት። ፎቶው ነው፣ የቤተሰቡ። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ሁሉም ወደ ካሜራው ያያሉ፤ እናትየዋ፣ ፋርማሲስቱ፣ አክስቶቹ፣ ሙሽራው፣ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። እሷ ብቻ ናት የማታየው። ፊቷ ወደ ኋላ እንደዞረ ነው ካሜራው የያዛት፤ ወደ ድራሙ፣ በሁለቱ ሲምባሎች መሐል ወዳለው ባዶ ቦታ። ተዉት ካለች በኋላ እንኳ መፈለጓን አላቆመችም ነበር ማለት ነው። ፎቶ አንሺው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ሳይፈልግ አልቀረም፣ እሷ ናት ያስቀረችው።

ሰዓቱ ከአልጋው ፊት ለፊት ሰቀለው። ቀን ቀን ላስቲኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እሱን እያየ ይመታል። አንድ ጠዋት እትዬ ስለ ቧንቧው ሊነግሩት መጥተው ፎቶውን አዩት። መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ።

"ልጅህ ይህቺ ናት? ቆንጆ ናት፣ ትባረክ። ወዴት ነው የምታየው?"

"እኔን ነው" አለ ሰዓቱ። "ከድራሙ ኋላ ነበርኩ።"

እትዬ ፎቶውን ደግመው አዩት፣ ከዚያ እሱን አዩት።

"ታዲያ ምን አለ ብቅ ብትልላት?"

ሰዓቱ ላስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። እትዬ ትንሽ ጠበቁትና ስለ ቧንቧው ሳይነግሩት በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወረዱ።